ፋብሪካ ተከትዬ

ማክሰኞ ዕለት የስቶሩ ሰውዬ ስባሪውን ሳይጠይቀኝ አዲስ መርፌ ሰጠኝ። ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይል ይሆናል፤ ልብስ ፋብሪካ ያልሠራ ሰው አይፈረድበትም። እኛ ጋ መርፌ ከተሰበረ ስባሪው ተለቅሞ፣ ጫፉና ወገቡ ተገጣጥሞ፣ መዝገብ ላይ በፕላስተር ካልተለጠፈ አዲስ አይሰጥም። አንዲት የመርፌ ጫፍ የሕፃን ልብስ ውስጥ ቀርታ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ብትወጋ የፋብሪካው ስም አለቀለት ነው። ስንት ቀን ሠላሳ ስድስት ሴት ሥራ አቁመን ወለሉን በማግኔት ስንጠርግ ውለናል! በዚህ ሙያ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ስባሪ ያልተጠየቅሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ሀዋሳ፣ ፋብሪካው ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ሲቀረው። ሁለተኛው ያሁኑ ማክሰኞ፣ ናይሮቢ፣ ባባ ዶጎ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስሜ እህተማርያም ይባላል፤ ሀዋሳ ያሉት ልጆች እህቴ ይሉኝ ነበር፣ እዚህ ኬንያውያኑ ማማ ማሪያ ይሉኛል። የምኖረው ካሳራኒ ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወንድሜ ከኢዮኤልና ከሚስቱ ከሳምራዊት ጋር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ እነሱ ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር መኝታ ቤቱ፣ እኔ ሶፋው ላይ። ኪራዩ ዐሥራ ስምንት ሺህ ሽልንግ፣ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። አከራያችን ግን ፋብሪካው አርባ ሰው ሊቀጥር ነው ሲባል ሰምቶ፣ ይኸው ከላያችን ስድስተኛ ፎቅ ይጨምራል፤ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያው ይደበደባል። ኢዮኤል ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ሄዷል። ሳምራዊት መስታወቱ ፊት ቆማ ሻርፗን ሦስቴ አሰረችው፣ ሦስቴ ፈታችው። ፓርክላንድስ ሰፈር፣ እትዬ አስናቀች ምግብ ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። ዛሬ መልቀቋን ልትናገር ነው፤ ሰኞ እኔ ጋ ፋብሪካ ልትገባ። ያስገባኋት እኔ ነኝ።

«እህትዬ፣ ምን ብዬ ልንገራት? እናቴ ማለት ናት እኮ። ዓይኗን ማየት ፈራሁ» አለችኝ።

«እውነቱን ንገሪያት» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እውነት መካሪዋን እዩልኝ! ማክሰኞ ስለ መርፌው ጥርጣሬ ነው አልኩ። ረቡዕ የማሽኖቹ ሆድ ላይ ቢጫ ቁጥር ሲለጠፍ የዓመቱ ቆጠራ ነው አልኩ። ሐሙስ ለምሳ ሥጋ መጣ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ጎመንና ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ያበላን ኩሽና ሥጋ! ሀዋሳም እንዲሁ ነበር፤ ልጆቹ «ዘንድሮ ቀንቶናል» እያሉ ጣታቸውን ሲልሱ እኔ ድርሻዬን ለነሱ ገፋሁ። ያም ሆኖ ለሳምራዊት አልነገርኳትም። ሻይዋን ቀዳችልኝ፣ ማንዳዚ የሚሉትን ቦንቦሊኖ ለሁለት ከፍላ ትልቁን ለኔ ገፋችው፤ ተቀብዬ በላሁት። ከዚያ ልጅቷን ታች ፎቅ ለጎረቤት ሰጥታ ሄደች። እስክትወርድ ድረስ ጫማዋን ደረጃው ላይ እሰማ ነበር፤ ጠርቼ ልመልሳት በሩ ድረስ ሄጄ ነበር፣ ግን አልጠራኋትም።

ሳምራዊትን ፋብሪካ ያስመኛት ደመወዙ አይደለም፣ የኔ ወሬ ነው። ማታ ማታ ሽንኩርት ሸትታ፣ እግሯ አብጦ ስትመጣ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስለ ሀዋሳ አወራለሁ። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዳቶ ሰፈር መቶ መቶ እየሆንን ነጠላችንን ዩኒፎርም ላይ ደርበን ስንወጣ፣ መንገዱ በሙሉ የሴት ድምፅ ብቻ ሲሆን። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ አንዷ ከወላይታ፣ አንዷ ከሀላባ፣ አንዷ ከቦሪቻ ቆጮ ይዛ መጥታ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተሻግረን ስንተኛ። የኔ የስፌት መስመር፣ ላይን ስድስት፣ የቀኑን ታርጌት የመታ ቀን አንዷ ዘፈን ታነሳለች፣ ስልሳ ሴት ይቀበላታል፤ ማሽኑ ራሱ አብሮ የሚያጨበጭብ ይመስል ነበር። እሑድ ፍቅር ሐይቅ ወርደን፣ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ጠጥተን፣ ወንዶቹ ሲለክፉን «በደመወዜ ነው የምበላው!» ብለን ስንመልስ። ያን ቃል የምንናገረው አፋችንን ሞልተን ነበር፤ አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት በእጃችን ብር ይዘን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ደመወዙ ሳሙናና ኪራይ አይሸፍንም ነበር፣ ሽንት ቤት እንኳ የምንሄደው በተራ ነበር። ይህን ለሳምራዊት ስንቴ ነገርኳት? አንዴም! ስናፍቅ ጣፋጭ ጣፋጩን ነው የማወራው፤ እሷም ጣፋጩን ሰምታ «እንግዲያው እኔስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ፣ ልጄን ሳትተኛ ባያት ምን አለበት» አለች። ምንም አልነበረበትም።

ባባ ዶጎ ከቤታችን በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ሠላሳ ሽልንግ፣ ዝናብ ሲሆን ሃምሳ። ፋብሪካው በር ላይ ጠዋት ጠዋት ገበያ ነው። ቻፓቲ የሚጋግሩት ሴቶች፣ እንቁላል ቀቅለው የሚሸጡት፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው፣ የዩኒፎርም ዚፕ የሚቀይረው ሽማግሌ፣ ከጀርባ ደግሞ በቆርቆሮ የተሠሩት የኪራይ ክፍሎች፣ ሁሉም ዓይኑ እዚያ ሰማያዊ በር ላይ ነው። የውጭ ባለሀብት ገባ ሲባል የዚህ ሰፈር ሰው የሠራውን ሠርግ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ለሚታረደው ከብት ተዋጥተዋል አሉ። በሀዋሳም ገበሬ መሬቱን ለቆ በካሳው ክፍል ሠርቶ ለኛ ያከራይ ነበር። እኛ ስንበተን ክፍሎቹን ማን ተከራያቸው ይሆን እያልኩ፣ ዛሬም የቻፓቲዋን ሴትዮ ሰላም ብዬ ገባሁ። አርባዎቹ አዲሶች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፣ አንዳንዷ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ። ሰኞ ሳምራዊት አርባ አንደኛ ልትሆን ነው ማለት ነው።

ሚስተር ፈጠን አስጠራኝ። ስሙ ሌላ ነው፤ ከሀዋሳ ጀምሮ አብሮን ያለ ማኔጀር ነው፣ በስድስት ዓመት የለመደው አማርኛ «ፈጠን ፈጠን» ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ያወጡለት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ብርቱካን ይዞ የመጣ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰዓት ተነቅሎ ቦታው ነጭ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ባለቤቶቹ ወስነዋል አለኝ፤ አገራቸው ተቀምጠው፣ ባባ ዶጎን ረግጠው ሳያውቁ። የአሜሪካ ቀረጥ ሒሳቡን አበላሽቶታል፣ ይቺን የመጨረሻ ኦርደር በወሩ መጨረሻ ጨርሰን ማሽኑን ኮንቴይነር ላይ እንጭናለን፣ ወደ ዮርዳኖስ። እኔ ዮርዳኖስ ሲል ከጥምቀት በቀር የታየኝ ነገር የለም። ወረቀት ገፋልኝ፤ ደመወዝ በዶላር፣ መኝታ፣ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ።

«አዲሶቹስ?» አልኩት።

የመጀመሪያው ወር ሙከራ ነው አለኝ፣ ኮንትራታቸው ላይ ተጽፏል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ካሳ አይጠይቅም። ኦርደሩን የሚያቀላጥፍ እጅ ያስፈልገኛል አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እስከ ደመወዝ ቀን አንድ ሰው ከሰማ ግን የዮርዳኖሱ ወረቀት አይኖርም አለኝ። አንቺ የኛ ሰው ነሽ አለኝ። እስከ ሰኞ ላስብበት አልኩት። «ፈጠን ፈጠን!» ብሎ ሳቀ።

የነሱ ሰው። አዎ፣ ነበርኩ። ሀዋሳ የመጨረሻው ወር ላይም አስጠርቶኝ ነበር፤ ልጆቹን አረጋጊያቸው፣ አንቺን ይሰሙሻል ብሎ። አረጋጋኋቸው! «ወሬ አትስሙ፣ ይህን የሚያህል ፋብሪካ በምን ጫንቃ ነው የሚሄደው?» አልኳቸው ስልሳዎቹን። ዛራ የምትባል የሀላባ ልጅ ነበረች፤ እኔን አምና ታናሽ እህቷን ከገጠር አምጥታ ክፍል ተከራየችላት። በሩ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ዛራ ክፍሌ መጣች። እኔ ሻንጣ እየዘጋሁ ነበር፣ ወደ ናይሮቢ። ቆማ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ሻንጣዬን አንስታ ተሸክማ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። «እህቴ፣ ስትደርሺ ደውዪልን» አለችኝ። አልደወልኩም። ምን ብዬ ልደውል? ናይሮቢን ያገኘኋት በምላሴ ነው፤ ይህን ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ላይኔ ተመለስኩና አዲሶቹን ክር ማስገባት፣ ፔዳል መርገጥ ሳስተምር ዋልኩ። የአንዲቷ እግር ይንቀጠቀጣል፤ «ቀስ በይ፣ ማሽኑ አይነክስም» አልኳት በእጄ ምልክት። ስዋሂሊዬ ከማሽን ቋንቋ አያልፍም፣ ቀሪውን የምትጨርስልኝ አኪኒ ናት። አኪኒ የላይኑ አንጋፋ ናት፤ የሦስት ልጆች እናት፣ ሳቋ ከጄኔሬተር በላይ የሚሰማ። ሰሞኑን ግን ሳቋ ጠፍቷል። በሻይ ሰዓት አቮካዶዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በእጄ አስያዘችኝና ትከሻዬን ደባበሰችኝ። ፊቴ ላይ ያለውን አየችብኝ ብዬ ደነገጥኩ። እንደ ሌባ አቀርቅሬ በላሁት።

ይህን ሁሉ ሴት ባልደርስለት እንኳ ለቤቴ ሰው ልድረስላት ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ ለሳምራዊት ደወልኩ። አታነሳም። ኩሽና ውስጥ ስልክ አትይዝም፣ አውቃለሁ። ሦስቴ ደወልኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ወጣሁና ማታቱ ላይ ዘለልኩ፤ እስከ ከተማ ሃምሳ ሽልንግ፣ ከዚያ ወደ ፓርክላንድስ ሌላ። ቅዳሜ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ቆሟል። «እመብርሃን፣ አፏን ያዢልኝ» እያልኩ ነበር፤ እኔ መክፈት ያቃተኝን አፍ ትቼ የእሷ እንዲዘጋ እለምናለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሳምራዊት እንዲያ ልትሆንብኝ ነው። ልዩነቱ ቆጡ ላይ አንዳች ነገር አለ ያልኳት እኔ መሆኔ ነው።

የእትዬ አስናቀች ምግብ ቤት ዐሥር ጠረጴዛ ያለው፣ ግቢው ውስጥ ጃካራንዳ የቆመበት አሮጌ ቪላ ነው። ስገባ የምሳ ሰው ተበታትኗል፤ ሠራተኞቹ ከኋላ ትልቁን ጠረጴዛ ከበዋል። ሳምራዊት መሃል ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ፊቷ አዲስ ጥቁር ጫማ በካርቶን ተከፍቶ ተቀምጧል። እትዬ አስናቀች ቆመው እየመረቋት ነው፤ «እንጀራሽን ያብዛልሽ፣ የገባሽበት ደጅ ይስፋልሽ» ሲሉ ሁሉም አሜን ይላል። ኩሽናው በር ላይ አንዲት የማላውቃት ቀጭን ልጅ የሳምራዊትን ሽርጥ ታጥቃ ቆማለች። ቦታዋ ተይዟል ማለት ነው።

«ነይ አንቺ ቀማኛ! ልጄን ወሰድሽብኝ አይደል?» አሉኝ እትዬ አስናቀች እየሳቁ። «ፋብሪካ እግር ይደክማል ሲሉኝ ጫማ ገዛሁላት። ተቀመጪ፣ ብዪ።»

«እትዬ፣ ፋብሪካው ሊሄድ ነው» አልኳቸው።

«የት ነው የሚሄደው? ፋብሪካ እግር አለው እንዴ?»

«አለው» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የወሩን መጨረሻ፣ ኮንቴይነሩን፣ የአርባዎቹን ሙከራ፣ ዮርዳኖስን። ውጪ አንድ ደንበኛ ሒሳብ ብሎ ያጨበጭባል፣ የሚነሳለት አልነበረም። እትዬ አስናቀች ወደ ኩሽናው በር ዞረው ልጅቷን አዩ፤ ቀጥለው ሳምራዊትን። ናይሮቢ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፤ ነገር ቸግሯቸው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ዛሬ ጠዋት ነው የቀጠርኳት» አሉ ቀስ ብለው። «ከካኩማ የስደተኞች ካምፕ ነው የመጣችው፤ ትናንት የት እንዳደረች እንኳ አልጠየቅኋትም። አሁን ምን ልበላት፣ ውጪ?»

«አይሆንም እትዬ» አለች ሳምራዊት። እንባዋ ደርቋል። «እሷማ ምን አጠፋች።»

«ሰው የጎደለ ቀን እጠራሻለሁ። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ መጀመሪያ የምጠራው አንቺን ነው።»

«እሺ እትዬ።» ጫማውን ካርቶን ውስጥ መለሰችው፣ ክዳኑን ገጠመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ነው የነገሩኝ ብል ማን ይመረምረኛል? «ከማክሰኞ» አልኳት።

«ረቡዕ ማታ እኮ ወገቤን ለክተሽኛል» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ለዩኒፎርሙ። ሜትሩን ይዘሽ 'ከስተሻል፣ ፋብሪካ ስትገቢ ትወፍሪያለሽ' አልሽኝ። ልጄ እንኳ ሳቀች።»

ለክቻታለሁ። ሰባ አንድ ሳንቲሜትር ነበር፣ ጽፌዋለሁ። ምን ይባላል? «ይቅር በዪኝ» አልኳት፣ ምላሴ ላይ እንዳለ ደረቀ። የሥራ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ሳመች፣ አዲሲቷንም ልጅ ጭምር፤ እትዬ አስናቀች በር ድረስ ሸኝተውን ለኔ ሲሆን እጃቸውን ብቻ ሰጡኝ።

ማታቱ መጠበቂያው ላይ የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። እሷ አንድ ጫፍ ላይ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ እኔ ሌላው ጫፍ። ሁለት ማታቱ መጥቶ ሄደ፣ አንዳችንም አልተነሳንም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በቆሎ የሚጠብሰው ሰውዬ ላስቲኩን ከአሁኑ መዘርጋት ጀምሯል። ዛራን አሰብኳት፤ ስልኳ አሁን ስንት ይሆን፣ እህቷስ ወደ ገጠር ተመለሰች ወይስ ዓረብ አገር ሄደች? ምናልባት እሷም ዮርዳኖስ ትሆናለች። ደግሜ ሻንጣ የሚሸከምልኝ ሰው ልፈልግ ነው? በቃ! ስልኬን አወጣሁና የላይናችንን ዋትሳፕ ከፈትኩ። ሠላሳ ስድስት ሴት አለበት። ድምፅ መቅጃዋን ተጭኜ በዚያ ስብርብር ስዋሂሊዬ፣ ያልሞላልኝን በእንግሊዝኛ እየደፈንኩ ተናገርኩ፤ ፋብሪካው በወሩ መጨረሻ ይሄዳል፣ ማሽኖቹ ሳይጫኑ ካሳችሁን ጠይቁ፣ አዲሶቹ ሌላ ሥራ ካላቸው እንዳይለቁ፣ የነገረኝ ማኔጀሩ ነው፣ እኔን ሊወስደኝ ነበር፣ ማን ነገራችሁ ካሏችሁ ስሜን ጥሩ፣ ግድ የለም። ጣቴን ሳነሳ መልእክቱ ሄደ። ዮርዳኖስም አብራ ሄደች፣ የኬንያ የሥራ ፈቃዴም አብሮ። ሳምራዊት ሰምታኛለች፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የአኪኒ ድምፅ መጣ። ረጅም ነው፣ ከኋላዋ ልጆች ይጮኻሉ፣ እሷም በጥድፊያ ነው የምትናገረው። «ማማ ማሪያ» ከሚለው በቀር አልያዝኩም። ሁለቴ ከፈትኩት፤ ምንም። ስሜን እየጠራች የምትረግመኝ መሰለኝ። ሳምራዊት ያኔ እጇን ዘረጋች፤ አምስት ዓመት ደንበኛ ያስተናገደች ሴት ስዋሂሊ አይጠፋባትም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ መንገዱን እያየች ተረጎመችልኝ።

«የጥበቃው ሰውዬ የኮንቴይነሩን ወረቀት አይቶ ሰኞ ነው የነገረን ትላለች። ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያናቸው ተሰብስበው ጠበቃ ይዘዋል። 'ስላንቺ፣ ማን ይንገራት ተባባልን፤ አገሯ አይደለም፣ ወረቀቷ በእነሱ እጅ ነው፣ ደንግጣ ብትወድቅስ ብለን አዘንን። አቮካዶውን ስሰጥሽ ልነግርሽ ነበር፣ አቃተኝ' ትላለች። ለአዲሶቹም ዛሬ ከሥራ ሲወጡ በር ላይ ነግረዋቸዋል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም በሩ ላይ ይቆማሉ፣ አንቺም ነይ ትላለች። ፖሌ ሳና፣ ማማ፣ ይቅር በዪን ትላለች።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ዝናቡ መጣል ጀመረ፤ ካርቶኑን ሻርፗ ውስጥ አስገባችው።

«ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ከኔ በቀር።»